የዋጃዋ አንባቢዬ

ነገሩ ከሆነ አሥር ዓመት አልፎታል። የመስቀል ሰሞን ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ላይ የሠራሁትን ስህተት ለጓደኞቼ አውርቼ ብዙ ተስቆብኛል፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ዘንድሮም የአደይ አበባ ሲፈካ ስለከነከነኝ ልጽፈው ተነሣሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ሥራ ይዤ ቆቦ ስገባ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የተቀጠርኩት በአንድ የመስኖ ጉድጓዶች ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ፣ ፓምፑ ስንት ሰዓት እንደሠራ ከየጉድጓዱ ይመጣል፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ። ከቆቦ አለፍ ብላ ባለችው ዋጃ ላይ አንዲት ክፍል ብቻ ያላት ቅርንጫፍ ነበረችን። እዚያ የሚሠሩት እትዬ ፋጡማ የሚባሉ አምሳ ዓመት ያለፋቸው ጸሐፊ ነበሩ። ከእኔ ጋር የምንገናኘው በስልክ ነው። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ይመስለኛል ሲያወሩ ይጮኻሉ።

መጀመሪያ ላይ የዋጃው መረጃ የሚመጣልኝ በፍላሽ ነበር። እትዬ ፋጡማ ፖስታ ውስጥ አሽገው ለሚኒባስ ሹፌር ይሰጣሉ፣ እኔ መናኸሪያ ወርጄ እቀበላለሁ። አንዳንዴ ፍላሹ ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል። አንድ ቀን ደግሞ የእኔው የቢሮ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ተበላሸና የሁለት ወር ሥራ ድራሹ ጠፋ። ኃላፊያችን በሰው ፊት፣ «ሌላ ቦታ ቅጂ አላስቀመጥክም?» አሉኝ። አላስቀመጥኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እልህ ያዘኝ። ፋይል በኢንተርኔት የሚያመሳስል ፕሮግራም አገኘሁና በሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ጫንኩት፤ በቆቦው ቢሮ፣ በዋጃው ቢሮና ማታ ቤት በምሠራበት ላፕቶፕ ላይ። አንዱ ላይ የተጻፈው ማንም ሳይነካው በሌሎቹ ላይ ይገለበጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠብቃል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ቅጂ አስቀመጥኩ አላስቀመጥኩ ብሎ መጨነቅ ቀረ። ኃላፊያችን እንኳ «ጎበዝ» አሉኝ።

የዋጃውን የጫንኩት ግን በጥድፊያ ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። የሥራውን ፎልደር ብቻ መምረጥ ሲገባኝ፣ ላፕቶፔ ላይ ያለውን ዶክመንት በሙሉ መርጬ ወጣሁ። ይህን ሳላውቅ አራት ወር ኖርኩ።

ዶክመንቱ ውስጥ «የግል» ያልኩት ፎልደር ነበር። ቆቦ ውስጥ የማወራው ሰው አልነበረኝም። የሥራ ባልደረቦቼ ባለትዳሮች ናቸው፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። እኔ ወደ ኪራይ ክፍሌ እሄድና ፊቴን ታጥቤ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። የዋልኩትን እጽፋለሁ። ቁም ነገር የለውም። «ዛሬ ከምሳ ቤቷ አስተናጋጅ በስተቀር ማንም አላናገረኝም» እላለሁ። «ገበያ መሐል አንድ ሰው ስሜን ሲጠራ ዞርኩ፤ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው» እላለሁ። አንድ ቀን ሳላስታጉል እጽፍ ነበር። ሰው ያነበዋል ብዬ ስላልጻፍኩት የማፍርበትም ብዙ ነገር አለበት። ያለቀስኩበት ቀን ሁሉ አለ።

የደመራ ዕለት ራሴን አመመኝ። ማታ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ብርድ ብርድ ይለኛል። በቆቦ ሙቀት በረደኝ ብል ማን ያምነኛል? ለመስቀል አገሬ አልገባም፤ ለቢሮ ሰዎች እገባለሁ ብያቸዋለሁ፣ ግን አልገባም። አከራዮቼም ገጠር ወርደዋል። ግቢው ውስጥ ያለነው እኔና ዶሮዎቹ ነን።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። አልጋው ሲንቀጠቀጥ። ውሃ ለመቅዳት ተነሥቼ ወለሉ ላይ ስቀመጥ። ጀሪካኑ እዚያው በሩ አጠገብ ሆኖ አልደርስበትም። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል። ከጀርባ ያለው ወፍጮ ቤት ሲጮኽ ይሰማኛል። «ሰው ያለህ!» ለማለት ሞክሬ ነበር፤ ድምፄ ግን ከወፍጮው አይበልጥም። ቀኑ ይመሻል፣ ይነጋል። ቢሮ የሚፈልገኝ እንደሌለ አውቃለሁ፤ አገሩ ገብቷል ብለዋል። እናቴም ሥራ ላይ ነው ብላለች። እንዲህ ሆኜ ብሞት በስንተኛው ቀን ይታወቃል ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። አላስፈራኝም። የገረመኝ እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወፍጮው ቀጥ አለ። ቀጥሎ የአጥሩ ቆርቆሮ ሲንኳኳ፣ ሰው ግቢው ውስጥ ዘሎ ሲወርድ ሰማሁ። ወፍጮ ፈጪው ጎረቤቴ ነበር። በሩን ገንጥሎ ገባ። ከኋላው ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ተከትለው ገቡ።

«ወየው! አንተየ! ምን ሁነህ ነው?» አሉ። ድምፃቸውን አወቅኩት። የስልኩ ጩኸት ነው።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ወባ ነበር፤ ያውም የከፋው። ግሉኮስ ሲሰቅልልኝ የነበረው ነርስ ለእትዬ ፋጡማ፣ «እናቱ ነዎት? ትንሽ ቢቆዩ አይተርፍም ነበር» ሲላቸው ሰማሁ። እሳቸው፣ «አዎ፣ እናቱ ነኝ» አሉት።

በማግስቱ ነፍስ ዘራሁ። እትዬ ፋጡማ ሙቅ በፔርሙዝ ይዘው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«አብሽር፣ አላህ አፊያ ያርግህ። ጠጣ በል» አሉኝ።

«ቤቴን ማን አሳየዎት?» አልኳቸው።

መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ። «ራስህ ነህ ያሳየኸኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ብለህ ጽፈህ የለ? ወላሂ መጀመሪያ የሥራ ነው ብዬ ነው የከፈትኩት። ኋላ የግልህ መሆኑን ሳውቅ መተው ነበረብኝ። አልተውኩም። ከመስቀል ወዲህ አዲስ ነገር ሲጠፋብኝ ስልክህን ሞከርኩ፣ ዝግ ነው። ቢሮ ስደውል አገሩ ገብቷል አሉኝ። አልገባም እንዳልክ አውቃለሁ። ቢሮውን ዘግቼ ሚኒባስ ያዝኩ።»

ሊያስቁኝ ብለው ደግሞ፣ «'የዋጃዋ ሴትዮ ጆሮዬን አደነቆሩኝ' ያልከውንም አይቻለሁ» አሉ።

አልሳቅኩም። ሕይወቴን ያተረፉ ሰው ፊት ተኝቼ የተሰማኝ ንዴት ነበር። አራት ወር ሙሉ ያለቀስኩትን፣ የተመኘሁትን፣ ለእናቴ እንኳ የደበቅኩትን አንድ ባዕድ ሰው ጠዋት ጠዋት ሲያነብ ከረመ! ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሳቸው ፔርሙዙን አስቀምጠው ቀስ ብለው ወጡ።

ቢሮ እንደተመለስኩ የመጀመሪያ ሥራዬ «የግል» የሚለውን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ ማውጣት ሆነ። ፕሮግራሙ እንደዚህ ነው፤ እዚህ የጠፋው እዚያም ይጠፋል። ከደቂቃ በኋላ ከዋጃው ኮምፒውተር ላይ እንደተነሣ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ እትዬ ፋጡማ ሲደውሉ ስለ ጉድጓድ ብቻ እናወራለን። «ጤናህስ?» ሲሉኝ «ደኅና» ብዬ እዘጋለሁ። ስለ ፎልደሩ አንድም ቀን አላነሡም። ስለ ማስታመማቸው እኔም አላነሣሁም። እያፈርኩ ነው፤ ነገ አመሰግናቸዋለሁ እያልኩ ነው።

ዓመት እንኳ ሳይሞላ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ዕቃ ልረከብ ዋጃ ሄድኩ። እትዬ ፋጡማ ኮምፒውተሩን በጨርቅ ወልውለው፣ ገመዱን ጠቅልለው ጠበቁኝ። ስፈርም ቆመው ያዩኛል።

«አሁንም ትጽፋለህ?» አሉኝ።

«አቁሜያለሁ።»

«ምነው?»

ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ያኔ የተናገሩትን እስካሁን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦

«ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጄ ጅዳ ናት። ቤት ገብቼ ውሃ አጠጭኝ የሚለኝ ሰው የለም። ጠዋት ቢሮ ስገባ ያንተን እከፍት ነበር። ምን በላ ይሆን፣ ዛሬስ ማን አናገረው እያልኩ። የወደድካት የባንኳ ልጅ 'እንደምን ዋልክ' ያለችህ ቀን እኔም ብቻዬን እዚህ ስስቅ ዋልኩ። ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ቀን ከፍቼ ሳጣው ግን እንደ ሰው ነው የጎደለብኝ።»

«ይቅርታ እትዬ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ» አልኩና ኮምፒውተሩን ታቅፌ ወጣሁ። በመኪናው መስኮት ሳይ በር ላይ ቆመዋል።

ከወራት በኋላ ስደውል ስልካቸው አይሠራም። በኋላ አንድ የዋጃ ሰው ቤታቸውን ሸጠው መሄዳቸውን ነገረኝ። ልጃቸው ጋ ይሁን ዘመድ ጋ አያውቅም።

ዛሬ ደሴ እኖራለሁ፣ አሁንም ብቻዬን። በስህተቴ አልጸጸትም፤ ያዳነኝ እሱ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው ያዞርኩበትን ቀን ግን ባስታወስኩት ቁጥር ተቀምጬ ከሆነ ከማፈሬ ብዛት ብድግ እላለሁ። በዋጃ፣ በአላማጣ ወይም ሌላ አገር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ሲያወሩ የሚጮኹ እትዬ ፋጡማ የሚባሉ ሴት ካወቃችሁ አንብቡላቸው። ሳይጠይቁኝ ያነበቡት አራት ወር ነበር። ይሄኛውን የጻፍኩት እንዲያነቡት ነው።