ለኤሊዋ የጋለ ድንጋይ

እናቴ ስትሞት አባቴን ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ እኔ ቤት አመጣኋቸው። ልብሳቸውን በአንድ ፌስታል ቋጠሩ። ኤሊዋን ግን ካርቶን ውስጥ ገለባ ጎዝጉዘው አስቀመጧትና ሚኒባስ ውስጥ ጭናቸው ላይ ይዘዋት መጡ። «እሷን የማትወስጂ ከሆነ እኔንም ተይኝ» ብለውኝ ነበር። ሸዋ ሮቢት ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ስር ከእናቴ ጋር ሲያኖሯት ነው ያደግኩት። እኔን አንድ ቀን «በልተሻል ወይ?» ብለው የማያውቁ ሰውዬ ለሷ ፓፓያ ይልጡላት ነበር። ቀናሁ፣ አዎ ቀናሁ፤ በኤሊ ይቀናል እንዴ እንዳትሉኝ።

የደብረ ሲናን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ ደጃፍ ላይ ሲተኛ፣ ቆላ የለመደ ሰውነት መላወሻ ያጣል። ኤሊዋ ብዙም ሳትቆይ አንገቷን ከተተች፣ መብላትም ተወች። አባቴ ጠዋት ማታ «ልትገድያት ነው» ይሉኝ ጀመር። እሷ ከሞተች እሳቸውም እንደማይቆዩ ገብቶኛል፤ ከዚያ ቤት የተረፈቻቸው እሷ ብቻ ነበረች።

አምፖል ገዝቼ ካርቶኗ ላይ ሰቀልኩ። ለካ ቆጣቢ አምፖል ነው የገዛሁት! ቤቱ ሰርግ ቤት መሰለ። አባቴ እጃቸውን ከስሩ ዘርግተው ቆዩና «ይሄ ያበራል እንጂ መች ይሞቃል? አንቺ እኮ ሁሌም ለታይታ ነሽ» አሉኝ። እውነታቸውን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። የድሮውን፣ የሚያቃጥለውን አምፖል ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አገኘሁ። እሱን ወደደችው፤ አንገቷን አወጣች፣ ጎመንም ቀመሰች። ከዚያ መብራት ሄደ። መጣ ስንል ሄደ፣ መጣ ስንል ሄደ። ከሰል ባስገባ ጢሱ አባቴን በሳል ገደላቸው። ትኩስ ውሃ በጀሪካን ባስቀምጥ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

«ድንጋይ አምጪ» አሉ አባቴ። «እኛ አገር ፀሐይዋ ከገባች በኋላ የሚያሞቅሽ መሬቱ ነው። ደገኛ ሆንሽና ረሳሽው።»

አልዋሹም። ሸዋ ሮቢት ሲመሽ ደጅ ምንጣፍ ዘርግተን ስንቀመጥ ሙቀቱ ከታች ነበር የሚመጣው። አባቴ ደጅ ወጥተው ጠፍጣፋ ድንጋይ ከሰል ላይ አጋሉ፣ አመዱን ጠረጉ፣ መዳፋቸውን አሳረፉበት። «ለብ ያለ ነው» አሉ። እኔ ስነካው ጮህኩ።

«ወላሂ ያቃጥላል! ቢያንስ በጆንያ እንጠቅልለው» አልኳቸው።

«ያንቺ እጅ የከተማ እጅ ነው» ብለው ሳቁብኝ። ዕድሜ ልኩን በዶማ የደደረ መዳፍ ትኩሱን ከለብታው እንደማይለይ ማን ይንገራቸው?

ድንጋዩን ሳይጠቀልሉት ሲያስገቡላት ኤሊዋ ወጣችበት፤ ከዚያም ንቅንቅ አላለችም። «አየሽ፣ ወደደችው!» አሉ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሥራቸው ድንጋይ ማጋል ሆነ። እኔም ሰለቸኝና ተውኳቸው።

ከካርቶኗ መጥፎ ሽታ ሲመጣ አንስቼ ገለበጥኳት። የሆዷ ቅርፊት ላልቷል፣ ከስሩ ያለው ሥጋ መግል ቋጥሯል። ሱብሃነላህ! የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «እነዚህ ሙቀትን የሚያውቁት ከላይ ነው፤ ከስር ሲቃጠሉ አይሸሹም። አምፖሉ ነበር የሚሻላት» አለኝ። መድኃኒት ቀባት፤ አልተረፈችም።

አባቴ ካርቶኗን ታቅፈው «ብርድሽ ገደላት» አሉ። «ይሄ ጉምሽ፣ ይሄ የተረገመ ቤትሽ። እናትሽስ ስትታመም መች መጣሽ?»

እናቴን ሆስፒታል ተኝቼ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ዝም ልል ነበር፣ ወላሂ ዝም ልል ነበር፤ እናቴን ሲያነሱብኝ ግን ደሜ ፈላ። ካርቶኑን ከእጃቸው ነጥቄ ኤሊዋን በጀርባዋ አስተኛኋት።

«ይዩዋ! ብርድ እንዲህ ያደርጋል? አንቱ ነዎት ጠብሰው የገደሏት። ወደደችው እያሉ ሲስቁ ሆዷ እየተቃጠለ ነበር።»

አባቴ ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እንዲህ ስትሆን… አልጮኸችም?» አሉኝ።

«ኤሊ ይጮኻል እንዴ?» አልኳቸው።