የመምህር ወልደ ኢየሱስ ማዕረግ

እኔ ኡሙሀኒ የባቲ ልጅ ነኝ። አዋሽ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ አራት ክፍል ያላት ሆቴል ነበረችኝ። ሆቴል አልኳት እንጂ አልጋና ሽሮ ናት። በደርግ ጊዜ ያላደረባት አልነበረም፤ ወታደሩም፣ ሾፌሩም፣ የጥጥ እርሻው ሠራተኛም። ዛሬ ግን ስለ አንድ መምህር ነው የማወራችሁ፤ እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ወልደ ኢየሱስ ይባላል። በምሥራቅ በኩል ካለ አንድ ኮሌጅ ያስተምራል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ በባቡር መጥቶ እሑድ ይመለሳል። ሥራው አፈር ነው፤ በአዋሽ ውሃ የሚለማው መሬት ለምን ጨው እያወጣ እንደሚበላሽ ያጠናል። አፈሩን በትንንሽ ከረጢት እየቋጠረ መደርደሪያዬን ሞላው። አንድ ሾፌር በርበሬ መስሎት ሽሮው ላይ ሊነሰንሰው ሲል ነው ከእጁ የቀማሁት።

መጀመሪያ ላይ፣ በሰባ ሦስት ግድም፣ እንዴት ያለ ደስተኛ ሰው ነበር መሰላችሁ! ጣቱን አፈሩ ውስጥ ነክሮ ይልስና «እትዬ፣ ይቅመሱት፣ የዚህኛው ጨው ከወንዝ ዳሩ ይብሳል» ይለኛል። «አፈር መብላት ለጠላቴ» እለዋለሁ። ተማሪዎቹን ይዞ የመጣ ቀን ሳቃቸው ጣቢያው ድረስ ይሰማል። አስካለማርያምንም ያወቃት ያን ጊዜ ነው። እሷም ከደጋ ተመድባ የመጣች የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ እኔ ዘንድ ነው ምሳ የምትበላው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኳቸው እኔው ነኝ። ተዋደዱ።

አንድ ዓርብ ፊቱን አጥቁሮ መጣ። አብሮት የተማረ ጥጋቡ የሚሉት ባልደረባው ረዳት ፕሮፌሰር ሆኗል፤ እሱ እዚያው ሌክቸረር እንደሆነ ቀርቷል።

«ሦስት ጽሑፍ ማሳተም አለብኝ እትዬ። ማዕረጉን ሳላገኝ ትዳር ብሎ ነገር የለም።»

«ማዕረጉ ልጅ ይወልድልሃል?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

«እንቁላሉስ ይሂድ፤ ልጅቷን እስከ መቼ ልታስቆማት ነው?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ከዚያ ወዲያ አፈር ሲቀምስ አላየሁትም፤ ይመዝናል፣ ቁጥር ይጽፋል፣ በቃ። ተማሪዎቹን ማምጣት ተወ፤ ጊዜዬን ይበሉብኛል ይላል። እንቅልፉ ጠፋ፤ ጨጓራው ተነሳበትና ወተት እየጠጣ መዋል ጀመረ። አስካለማርያም መጥታ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፤ እሱ ይጽፋል፣ እሷ የልጆቹን ደብተር ታርማለች። ሲመሽ «ደህና እደር» ብላው ትሄዳለች። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ማየቱ እያቃተኝ ስንት ቀን ወደ ጓዳ ገባሁ።

በሰባ ስምንት ለልጅቷ ወደ ሚሌ ዝውውር ተፈቀደላት። «ቅሪ ካለኝ እቀራለሁ» አለችኝ። እሱ ግን ያላት ሌላ ነው፦ «ሂጂ፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው የቀረኝ። እንዳለቀ መጥቼ እወስድሻለሁ።» ሄደች።

በዓመቱ አንድ ሾፌር ከሚሌ ወሬ አመጣልኝ፤ አስካለማርያም የጤና ረዳት አግብታለች። ወላሂ፣ ለመምህሩ መንገር አቃተኝ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። መጀመሪያ ማዕረጉን ያግኝ፣ በዚያ ይጽናናል ብዬ አሰብኩ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ወተቱን አቀርባለሁ፣ ዝም እላለሁ።

ከዚያ አንድ ዓርብ እየሳቀ ገባ። ደብዳቤው ደርሶታል፤ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኗል። ሽሮውን ሁለቴ አስጨመረ። ለሷ የገዛውን ነጠላ ከሻንጣው አውጥቶ አሳየኝ፤ «ነገ በጠዋት የጭነት መኪና ይዤ ሚሌ ነኝ» አለ። ነጠላውን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አሁንስ ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት ጣሃ ገባ።

ጣሃ አፋር ነው፤ ግመል ነጋዴ፤ ድሮ መምህሩን በየእርሻው እየመራ ያዞረው ነበር። አፋር ሰው ሲያገኝ ዳጉ ይቀመጣል። ያየውን የሰማውን አንድ ሳያስቀር ይናገራል፣ የሌላውንም ይሰማል፤ መደበቅ ትልቅ ነውር ነው። መምህሩ ስንት ዓመት «ቸኩያለሁ» እያለ ዳጉውን ሲሸሽ ኖሮ፣ ዛሬ እሱው ወንበር ሳበለት። «ና ጣሃ፣ ዳጉ እንቀመጥ፤ ወሬ አለኝ» አለው።

ከመንገድ የመጣው ጣሃ ስለሆነ እሱ ጀመረ። ገዋኔ ላይ ዝናብ እንደጣለ ነገረው። ግመል በስንት እንደተሸጠ ነገረው። አንድ መኪና እንደተገለበጠ፣ ሰው እንዳልሞተ ነገረው። ወሬው ሚሌ ሳይደርስ እንዲያቆም በዓይኔ ብጠቅሰው አላየኝም፤ ቢያየኝም አይተውም ነበር።

«ሚሌ ያቺ እዚህ የነበረችው አስተማሪ፣ አስካለማርያም፣ ጤና ረዳቱን አግብታለች። ሁለት ወሯ ነው። ደህና ናት» አለ፣ ዝናቡን በተናገረበት ድምፅ።

ከዚያ በዳጉው ወግ ተራውን ለመምህሩ ሰጥቶ «ያንተስ?» አለው።

«ረዳት ፕሮፌሰር ሆንኩ።»

«ሹመት ነው?»

«ነው።»

«ማሻአላህ። እናትህስ?»

«ደብዳቤ ከጻፍኩላት ቆየሁ።»

«እነዚያ የሚስቁት ተማሪዎችህስ?»

«የት እንደተመደቡ አላውቅም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ ጣሃ።»

ጣሃ ፊቱ ተለወጠ። እሱ የሚያውቀው ሰው ሁሉ፣ ድሃውም ቢሆን፣ የሚያወራው አያጣም። «እኔ ሁሉን ነገርኩህ፤ አንተ ትደብቀኛለህ» አለና ቅር ብሎት ዱላውን ይዞ ተነሳ።

የድሮ ወዳጆች ናቸው፤ እንዲህ ሆነው እንዲለያዩ አልፈለግሁም። በሩ ላይ ደረስኩበት።

«አልደበቀህም፣ ጣሃ» አልኩት። «እውነቱን ነው፤ ከሹመቱ ሌላ ምንም የለውም።»

ዞር ስል መምህሩ ቀና ብሎ ያየኛል። ሰምቶኛል።