አክተር አይሞትም

በቀደም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንያያዘው፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን ጭኑ ላይ አጋድሞ የድሮ የቻይና ፊልም ከፈተ። ፊልሙን ከማየቴ በፊት ድምፁን አወቅሁት፤ ቡጢው ገና አየር ላይ እያለ የሚጮኸው፣ ሰፊው እጅጌ እንደሚራገፍ አንሶላ የሚንጓጓው፣ ያ ድምፅ። ሳላስበው አንገቴን አሰገግኩ።

“አባባ፣ እርስዎም ያያሉ እንዴ?” አለኝ እየሳቀ። “እስቲ የትኛው እንደሚሻል ይንገሩኝ።”

እኔ ደግሞ ምክር ከተጠየቅሁ ወንበር አይበቃኝም። በገመድ የሚበርሩትን ተዋቸው፤ መምህሩ ቡጢ ሳያስተምር ውሃ በማስቀዳት ልጁን የሚያንገላታበትን ፈልግ፤ ቅንድበ ነጩ ሽማግሌ ጎረምሶቹን የሚዘርርበት ደግሞ ለእኔ ቢጤ ከመድኃኒት ይሻላል፣ አልኩት። ልጁ ሳቀ። ወገቤን ይዤ ስወርድ ግን እኔን ሳቁ ከድቶኝ ነበር፤ ያን ድምፅ መጀመሪያ አብሮኝ የሰማው ሰይድ ትዝ ብሎኝ።

ሰይድ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ የጎረቤታችን የእማማ ዘሀራ ልጅ ነበር። ሁለቱን ግቢዎች የሚለያቸው አንድ የቁልቋል አጥር ሲሆን፣ እሱም በእኛ መመላለስ አጥርነቱን ከተወ ቆይቶ ነበር። አባቴ ጴንጤ ነው፤ ፊልም ቤት ማለት ለእሱ የሲኦል የፊት በር ስለነበር፣ እሁድ ከጸሎት መልስ መጽሐፍ ቅዱሴን እማማ ዘሀራ ዘንድ አስቀምጬ ነበር ወደ ጥፋቴ የምሄደው። “ሂድ፣ ኪታብህን እኔ እጠብቅልሃለሁ” ይሉኛል፣ ስቀው።

ፊልም ቤቱ የላብ፣ የቆሎና ጉም ያራሰው ካፖርት ሽታ ነበረው። ቻይንኛ የሚያውቅ የለም፤ ከታች የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍም የሚደርስበት የለም፤ ስለዚህ ታሪኩን እያንዳንዳችን ለየራሳችን እንሠራዋለን። ዋናው ተደባዳቢ አክተር፣ ክፉው ቦስ ይባላል። ቦሱ ከኋላ ሲመጣ አዳራሹ በአንድ ጉሮሮ “ከኋላህ!” ይላል። ሕጉን ማንም አልጻፈውም፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አክተር አይሞትም፣ አክተር ጓደኛውን ጥሎ አይሄድም።

ሰፈር ስንመለስ ሰይድ አክተር ነው። ማንም አልመረጠውም፤ እግሩ መረጠው። ከቆመበት ተስፈንጥሮ የረዥም ሰው ኮፍያ ያወርዳል። እኔ ደግሞ መሀል ላይ የሚሞተው ጓደኛ ነኝ። አክተሩ የሚበቀልበት ምክንያት እንዲያገኝ በየሳምንቱ እሞታለሁ፤ አሟሟቴም ስለሚረዝም “ኧረ ቶሎ ሙትልን!” ይሉኛል። አንድ ቀን መሞት ሰለቸኝና የእናቴን ነጠላ እጅጌ አድርጌ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዘለልኩ። ነጠላው በረረ። እኔ አልበረርኩም። ወጌሻው እግሬን እያቃና፣ እኔ ሰማዩን እየጠራሁ፣ “እነዚህን ቻይኖች አላህ ይስጣቸው፤ ሰኞ ሰኞ ሥራ አይጠፋኝም” አለ።

እግሬ ገና በቀርከሃ እንደታሰረ አዲስ ፊልም መጣ። ሰይድ ከነምርኩዜ በጀርባው አዝሎ ወሰደኝ። ጦርነቱ የበረታበት ጊዜ ነበር፤ ጎረምሳ ከገበያም ከኳስ ሜዳም እየታፈሰ ወደ ግንባር ይጫናል። ፊልሙ አልቆ በሩ ሲከፈት ውጭ የቆመው የጭነት መኪና ነበር፣ በዙሪያውም ታጣቂዎች። “አፈሳ!” አለ አንዱ፤ አዳራሹ ወደ ኋላ ተናወጠ።

ከሽንት ቤቱ በስተጀርባ የግንብ አጥር አለ። ሰይድ በአንድ ዝላይ አናቱ ላይ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ካየሁት የቻይና ፊልም ሁሉ እንደዚያ ያማረ ዝላይ የለም። እዚያ ሆኖ ዞር አለ። እኔ ምርኩዜን ሰው ረግጦ ሰብሮት መሬት ተቀምጫለሁ። ሂድ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ፈገግ አለ። እና ተመልሶ ወደ ውስጥ ዘለለ።

ሁለታችንንም ጫኑን። ከተማው ዳር ካለ ግቢ ሲያራግፉን፣ የሚመርጠው ሰውዬ እግሬን አይቶ፣ “ይሄን ስባሪ ማነው የጫነው? ከዚህ አስወጡልኝ!” ሲል ጮኸ። የሰይድን ትከሻ ግን መታ መታ አደረገ፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው።

“አንተ ምን ያስለቅስሃል?” አለኝ ሰይድ። “አክተር አይሞትም።”

ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። መንግሥት ሲለወጥ፣ የተበተነው ወታደር በወልድያ በኩል እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ሲጎርፍ፣ እማማ ዘሀራ መንገድ ዳር ቆመው የእያንዳንዱን ፊት አዩ። ሰልፉ አለቀ። ለሰይድ ሰደቃ አላወጡም፤ “ላልሞተ ሰው ምን ሰደቃ አለው?” ነው መልሳቸው።

ለኢድ ልጠይቃቸው ስገባ ግን አንድ ጥያቄ ነበራቸው። “ያን ቀን ልጄ ምን ነበር ያየው?” እተርክላቸዋለሁ፤ ተቀምጬ እየተወራጨሁ፣ አንዴ የሻይ ብርጭቆ እስክሰብር። “ከዚያስ፣ አክተሩ ቤቱ ገባ?” ይሉኛል። የቻይና ፊልም እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ቦሱ ወደቀ፣ ሙዚቃው ጮኸ፣ አለቀ፤ አክተሩ ሜዳው ላይ እንደተገተረ ይቀራል።

“ገባ፣ እማማ።”

“እናቱስ ነበረች?”

“ነበረች።”

በሚቀጥለው ኢድ ደጃፉን ጨመርኩ። በሌላው፣ ጠረኑን አውቆ የሚሮጥ ውሻ። ትምህርት ቤት ድርሰት ወድቄ የኖርኩ ሰው፣ ለአንዲት አድማጭ ስል ደራሲ ሆንኩ።

የመጨረሻው ኢድ ላይ እማማ ዘሀራ አልጋ ይዘው፣ ጎረቤቶች ከበዋቸው ነበር። ልጀምር ስል፣ “ዝም በል፣ አንተ ታቻኩለዋለህ” አሉኝና ራሳቸው ተረኩት። ልጁ ገባ። እናቱ “ከሳህ” አለችው። እግሩን አጠበችው። እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው፤ ራስጌው ቁጭ ብላ ስታየው ነጋ፣ ወላሂ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ ስትወጣ እንኳን አልቀሰቀሰችውም። ሴቶቹ አልሐምዱሊላህ አሉ። እኔም የጴንጤው ልጅ አሜን አልኩ።

እማማ ዘሀራ ከተቀበሩ ወዲህ ሰይድን የሚጠብቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። እኔ ደግሞ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ።