ኦርቪልን የነከሰው ፓንቸር

"ባሌን በላብኝ! ይሄ ፓንቸርሽ ባሌን በላብኝ፣ አርሊስ!"

ቬርና ስትጮህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተሰብስበው የፎቶ አልበም የሚያስጌጡት ሴቶች መቀሳቸውን አስቀመጡ። ባልየው ኦርቪል ከሞተ ዓመት ሆኖታል። የተበላው ፎቶው ነው፤ ሐይቅ ዳር ዓሣ ይዞ የተነሳው፣ የመጨረሻው፣ ሌላ ቅጂ የሌለው። ጥጉን በአበባ ቅርጽ ልትበሳ ከአርሊስ የተዋሰችው የወረቀት መብሻ ፓንቸር ውስጥ ከተተችው፣ ተጫነች፣ እጀታው እዚያው ቀረ። አይነሳም፣ አይወርድም።

"ምን ላይ ለጥፈሽው ነው?" አለች አርሊስ።

"ካርቶን ላይ።"

"በምን?"

"በፕላስተር... በሁለቱም ፊቱ የሚያጣብቀው።"

"'ወረቀት ብቻ' ብዬ ጽፌበት የለም እንዴ?"

"ማን መነጽር አድርጎ ፓንቸር ያነባል? ዱልዱም ዕቃ አውሰሽኝ ደግሞ!"

ዱልዱም! አርሊስ እኮ ዶሮ ማረጃ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ቢላ ስትስል ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ልጅ የላትም፤ መቶ አሥራ አራት ፓንቸር አላት። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዱን የምግብ መጠቅለያ ፎይል ታስቆርጠዋለች፣ ስለቱ እንዲመለስ። ከዚያ ሰም የተቀባ ወረቀት፣ ነክሶ እንዳይዝ። ለመጣው ሁሉ ታውሳለች፤ ቡና ልጋብዝሽ ሲሏት ግን "ኧረ ተዪ" ነው። በሚኒሶታ ሲጋበዙ ሦስቴ እምቢ ብሎ መቀበል ወግ ነው። እሷ አምስቴ እምቢ ትላለች።

"በመዶሻ በይው" አለች አንዷ።

"ማንም እንዳይነካው!" አርሊስ ፓንቸሩን በላስቲክ ጠቅልላ ኩሽና ገባች፤ ፍሪዘር ውስጥ፣ ለቀብር መልስ ምሳ ከተቀመጠው ሥጋ አጠገብ አስተኛችው። ብረትም እንደ ሰው ነው፣ ሲበርደው ኩምትር ይላል።

"ጭራሽ ባሌን ፍሪዘር ከተተችው!"

"ጥር ላይ የሐይቅ በረዶ በስቶ ዓሣ ሲያጠምድ የኖረ ሰውዬ ነው፤ ሃያ ደቂቃ አይገድለውም።"

ቬርና ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። ድምጿ ቀጥኖ፣ "ፊቱን ቆርጦት ቢሆንስ?" አለች።

"ፊቱን አልነካውም።"

እንዲህ ትበል እንጂ አርሊስ ምኑንም አላየችም።

ሃያ ደቂቃው ሲሞላ አወጣችው፤ ታቹን በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። ጠቅ! እጀታው ተነሳ። ፎቶውን በወረንጦ ቀስ አድርጋ ሳበችው። ኦርቪል ሙሉ ነው፣ ከነባርኔጣው። የዓሣው ጅራት ግን የለም፤ በቦታው አበባ መሳይ ቀዳዳ በቅሏል።

ቬርና ትክ ብላ አየችው። "ድሮም ዓሣውን አስረዝሞ ነበር የሚያወራው" አለችና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

አርሊስ ሙጫውን አልኮል በነካ ጥጥ አስለቀቀች፣ ፎይል አስቆረጠችው። ወረቀት ሲሰጡት እንደ ቅቤ ቆረጠው።

"አልዶለዶመም" አለች ቬርና፣ ወለሉን እያየች።

ከዚያ ሁለቱ ከመንገዱ ማዶ ባለው ምግብ ቤት ጣፋጭ ፓይ በሉ። ሒሳቡ ሲመጣ ሁለቱም እጃቸውን ጫኑበት።

"ተዪ" አለች አርሊስ።

"ኧረ ተዪ።"

"ተዪ አልኩሽ፣ ቬርና!"

"አርሊስ፣ ዛሬ እንኳን።"

"በፍጹም!"

የአርሊስ እምቢታ ሦስት ሞላ። ቬርና የሒሳቡን ወረቀት አልለቀቀችም፤ በሌላ እጇ የኦርቪልን ፎቶ ይዛለች። አርሊስ አራተኛውን እምቢ ልትል አፏን ከፈተች፣ አየቻት፣ ፓይ ጎረሰችበት።

ቬርና ከፈለች።