በእኔ አፍ ያመኑት ሰው

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። አብረውኝ ለሚጸልዩ ወንድሞችም አንስቼው አላውቅም። መድረክ ላይ ቆሜ ስለ እውነት ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ይህችን አንዲት እውነት ምላሴ ሥር ይዣት ኖርኩ። ዛሬ የምጽፈው ንጹሕ ለመሆን አይደለም። ደክሞኝ ነው። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች ፊቴን አታዩትም፤ የደፈርኩትም ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

በድያለሁ። የበደልኳቸው ሰው አያ ኪሮስ ይባላሉ። ማመን አልችልም ያሉ ሰው ነበሩ፤ እኔ አመኑ ብዬ ተናገርኩ።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። ሰቆጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ሥራ ፈትቼ የምዞርበት ጊዜ ነበር። በከተማው አንድ ሰው ቤት እየተሰበሰቡ የሚጸልዩ ጥቂት ጴንጤዎች ነበሩ። መጀመሪያ ወደ እነሱ የሳበኝ ጊታሩ ነው፤ አልዋሽም። እየቆየሁ ግን ከልቤ አመንኩ። ወንድም ታደለን ያገኘሁት እዚያ ነው። ታደለ ከደቡብ የመጣ ወንጌላዊ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዳገት ሲወጣ እንኳ የሚዘምር ሰው። ገጠር ወርዶ መስበክ ፈለገ። የገጠሩ ሰው ደግሞ አብዛኛው የሚናገረው ኽምጣና ነው። እኔ ኽምጣናን ከእናቴ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ያገኘሁ ልጅ ነበርኩና አስተርጓሚው ሆንኩ።

ያን ዓመት ሳስታውስ ዛሬም ደረቴ ይሞቃል። ከአምደወርቅ ከተማ ተነስተን በገብሱ መሃል በቀጭኗ መንገድ ስንወርድ፣ ታደለ ያስተማርኩትን የኽምጣና ሰላምታ ለመንገደኛው ሁሉ ያድላል። ጠዋት የሚባለውን ማታ፣ ለወንድ የሚባለውን ለሴት ይላል። ውኃ የሚቀዱ ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ይስቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ውሻ የለቀቁብን አሉ። በር የዘጉብን አሉ። ማር በቂጣ ያበሉንም አሉ። ያመነ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አያ ኪሮስ ዘንድ ግን ሁልጊዜ እንሄድ ነበር። ከአምደወርቅ በታች ባለች መንደር የሚኖሩ፣ ንብ የሚያነቡ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ እርዳታ ፍለጋ ወደ ኮረም ሲጓዙ ሁለት ልጆቻቸውን መንገድ ላይ ቀብረዋል። ከዚያ ወዲህ ለቀብር ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። ባለቤታቸው እማማ ለተብርሃን ግን ጾምና ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። አያ ኪሮስ ለእሳቸው ሲሉ፣ ለወዳጆቻቸውም ሲሉ፣ ከጽዋ ማኅበሩ አልወጡም። በየወሩ ከማኅበርተኛው ጋር ይቀመጣሉ፣ ያስቃሉ፣ ተራቸው ሲደርስ ይደግሳሉ። ጸሎት ሲደረስ ብቻ ዝም ይላሉ። ቄሱም ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል ብለው ትተዋቸዋል።

አያ ኪሮስ ገና ከሩቅ ሲያዩን፣ "ተከራካሪዬ መጣ!" ብለው ይጮኻሉ። ለታደለ ጠላ ይቀርባል፤ እሱ ውኃ ይለምናል። "ጠላ የማይጠጣ አምላክ እኛ አገር ምን ይሠራል?" ይላሉ አያ ኪሮስ። ተርጉሜ ስነግረው ታደለ ከሳቁ የተነሳ ውኃው ትን ይለዋል። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል።

አንድ ቀን፣ "ጠይቀው እስቲ" አሉኝ። "የሱና የቄሱ አምላክ አንድ ከሆነ ምን ሊያደርግ መጣ? ሁለት ከሆኑ ደግሞ፣ ባንዱ የተቀየምኩ ሰው ሁለተኛውን ምን ላድርገው?"

ታደለ ለዚህ መልስ ሲፈልግ ዋለ። ሌላ ቀን ደግሞ አምላክ ሁሉን ያያል ብሎ ሲያስረዳ፣ አያ ኪሮስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ኮረም መንገድ ላይ ልጆቼን በእጄ ስቆፍርላቸውም ያይ ነበር?"

ተረጎምኩ። ታደለ መጽሐፉን ዘጋ። "ያይ ነበር፣ አባባ" አለ። "ለምን ዝም እንዳለ ግን አላውቅም። እኔም እጠይቀዋለሁ።"

ይህንንም ተረጎምኩ። አያ ኪሮስ ወደ እኔ ዞሩ። "ይኼስ ሰው ነው" አሉኝ። "አውቃለሁ አላለኝም።"

ያኔ እንዴት ያለ ኩራት ይሰማኝ እንደነበር! ያ ሁሉ ቁም ነገር በእኔ አፍ ነበር የሚያልፈው። አንዱ ካንዱ ጋር የሚገናኙት በእኔ ብቻ ነበር። አንዲት ቃል አልጨምርም፣ አንዲት ቃል አልቀንስም ነበር። እንደዚያው ብቀር ኖሮ ምን ነበረበት?

የመጨረሻው ቀን በውቂያው ወራት ነው። ታደለ ያን ቀን ዳገት ላይ አልዘመረም። መንገድ ላይ ነገረኝ፤ የላኩት ሰዎች ፍሬ ስላላዩ ወደ ሌላ አገር እንዲዛወር ወስነዋል። "ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ" አለና ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። እኔ ይህን ሰው እወደው ነበር። ወንድም አልነበረኝም፤ ወንድሜ እሱ ነበር። አዘንኩለት። ይህን የምላችሁ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ማዘኔ እውነት ነው፤ ያደረግሁት ግን ከማዘን ብቻ የመጣ አልነበረም። የአንድ ዓመት ልፋቱ ከንቱ ከሆነ የእኔም ማስተርጎም ከንቱ ሊሆን ነው። ይህም ቆርቁሮኛል።

አያ ኪሮስ አውድማ ላይ ነበሩ። ወንፈል የመጡት ጎረቤቶች ራቅ ብለው በሬ ይነዳሉ። ሦስታችን ነዶው ጥግ ተቀመጥን። ታደለ መሄዱን አልነገራቸውም። እጃቸውን ያዘና አንዲት ጥያቄ ጠየቀ። "አባባ፣ ዛሬ ጌታን ይቀበላሉ?"

ተረጎምኩ። ይኸኛውን በትክክል ተርጉሜያለሁ።

አያ ኪሮስ እንዲህ አሉ፤ ቃሉን ዛሬም አልረሳሁትም። "እንደ ልጄ እወድሃለሁ በለው። አምላኩን ግን አልችልም። ቀና ስል የሚታየኝ ልጆቼ ያዩት ሰማይ ነው፤ ያው ባዶው። ተመልሶ ሲመጣ እንዲሁ ለኔ ብሎ ይምጣ፤ ፍየል አርድለታለሁ።"

ታደለ ፊቴን ፊቴን ያያል። ዓይኖቹ ውስጥ የነበረውን ልመና እንዴት ልንገራችሁ? አፌን ከፈትኩ።

"እንደ ልጄ እወድሃለሁ ይላሉ" አልኩ። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ከዚያ፣ "እቀበላለሁ ይላሉ። ጸልይልኝ ይላሉ" አልኩ።

ታደለ ጭዱ ላይ ተንበረከከ። አለቀሰ። አያ ኪሮስ ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ሆነብኝ? ክፉ ተናገርኩት እንዴ?" ለእሳቸውም መልስ አላጣሁም። "ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው" አልኳቸው። "ልመርቃቸው እያለ ነው።" አያ ኪሮስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ልጅ አባቱን ሲመርቅ አይቼ አላውቅም፤ ደስ ካለው ይመርቀኝ" ብለው ጎንበስ አሉ። ታደለ እጁን ራሳቸው ላይ ጭኖ በአማርኛ ጸለየ። በሬ የሚነዱት ሰዎች ቆመው አዩ። ያዩት ይህን ብቻ ነው። የሰሙት ነገር የለም። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ታደለ ከመሄዱ በፊት ደስታውን አምደወርቅ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር ተናገረ። በሚቀጥለው ገበያ ወሬው መንደር ገባ፤ አያ ኪሮስ ጴንጤ ሆነ፣ እጅ ጭነውበታል፣ አይተናል። አያ ኪሮስ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ማኅበሩ ግን አልሳቀም። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ጠየቋቸው።

"ልጁ መረቀኝ፣ ሌላ ነገር የለም" አሉ።

"እንግዲያው መስቀሉን ይዘህ ማል" አሏቸው ቄሱ። ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገሩ በመሐላ አልቆ ወዳጃቸውን ማስቀረት ነበር የፈለጉት።

አያ ኪሮስ አልማሉም። "እኔና እሱ ከተቀያየምን ቆየን" አሉ። "ዛሬ ለጉዳዬ ብዬ ስሙን አልጠራም።"

ምን ነበር ቢምሉ? የሚሉት እውነት ነበር። የማያምኑት ሰው በማያምኑበት ስም አልምልም ሲሉ፣ አማኙ እኔ የት ነበርኩ? እዚያው ነበርኩ። አስጠርተውኝ፣ ከሰዉ መሃል ቆሜ ነበር።

"አንተ በመሃላቸው ነበርህ። ምን አለ?" አሉኝ ቄሱ።

ያኔ ታደለ በራሱ ምስክርነት የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት አስገብቶኝ፣ ልሄድ ዕቃዬን አስሬያለሁ። እውነቱን ብናገር ነገ እሱ ጆሮ ይደርሳል። "እንዳያችሁት ነው" አልኩ። "እጁን ጭኖ ጸለየላቸው። እሳቸውም ጎንበስ አሉ።"

እያንዳንዷ ቃል የሆነውን የምትናገር ነበረች። እንዲህ ዓይነት ውሸት ነበር የዋሸሁት።

አያ ኪሮስ ቀስ ብለው፣ "ያልኩትን ንገራቸው እንጂ ልጄ" አሉኝ።

"የማውቀውን ተናግሬያለሁ" አልኳቸው። ዓይናቸውን አላየሁም። በትራቸውን አንስተው ሄዱ።

ማኅበሩ አስወጣቸው። የሚቀጥለው ዓመት ወንፈል የመጣላቸው ሰው ጥቂት ነበር ሲሉ ሰማሁ። እኔ ያኔ ደቡብ ነበርኩ፤ እማር ነበር። ታደለ በሄድንበት ጉባኤ ሁሉ ስለ አንድ የዋግ ሽማግሌ ይመሰክራል፤ ልጆቻቸውን በረሃብ ቀብረው፣ ዓመት ሙሉ ተከራክረው፣ በመጨረሻ አውድማ ላይ ስለተንበረከኩ ሰው። የተንበረከከው ራሱ መሆኑን እንኳ ረስቶታል። ሕዝቡ እልል ይላል። እኔም አብሬ እልል ብያለሁ። አልፎም፣ እሱ በሌለበት እኔው ራሴ ሰብኬዋለሁ። ብዙ ሰው በዚያ ታሪክ አልቅሶ አምኗል። ይህ ያጽናናኛል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ እናቴን ልጠይቅ ሰቆጣ ተመለስኩ። ከተማው ባጃጅ በባጃጅ ሆኗል። አያ ኪሮስ መሞታቸውን ነገሩኝ። ደጀ ሰላም ስለተከለከሉ የተቀበሩት ማሳቸው ዳር ነው። እማማ ለተብርሃን የእህታቸው ልጅ ዘንድ፣ እዚያው ሰቆጣ እንደሚኖሩ ሰማሁና ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። እግዚአብሔርን ምስክር አልጠራም፤ ግን ልነግራቸው ነበር።

ድምፄን ሲሰሙ አወቁኝ። ዓይናቸው ደክሟል። ፊቴን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ በኽምጣና መረቁኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ።

"ደግ መጣህ። የምጠይቅህ አለኝ" አሉ። "ኪሮስ እስኪሞት ድረስ፣ 'አልተቀበልኩም፣ እምቢ ነው ያልኩት' ይለኝ ነበር። እኔ አላመንኩትም። ትደብቀኛለህ፣ አብረን አርጅተን ታታልለኛለህ አልኩት። ምግቡን አቀርብለታለሁ እንጂ እንደ ድሮው አልጫወተውም ነበር። በኋላ እሱም መናገር ተወ። አንተ በመሃላቸው ነበርህ። አምኖ ነበር፣ አይደል? እኔን ነበር የዋሸኝ፣ አይደል?"

እጄን ይዘው ይጠብቃሉ።

ምን ልበል? አልተቀበሉም ብል፣ ያን ሁሉ ዓመት ከአንድ እውነተኛ ሰው ጎን ተቀምጠው ውሸታም ሲሉ መኖራቸውን ልነግራቸው ነው። ለእሳቸው አዘንኩ። አሁንም አዘንኩ! ስዋሽ ሁልጊዜ አዝኜ ነው።

"አዎ፣ እማማ" አልኩ። "አምነው ነበር።"

ትንፋሻቸውን ለቀቁት። "ተመስገን" አሉ። "እውነቱን ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር!" እጄን ሳሙት። ልጅቷን ጠርተው ምሳ እንድታቀርብልኝ አዘዙ። በላሁ።

እማማ ለተብርሃን ካረፉም ቆዩ። ታደለ በሕይወት አለ፤ ሸምግሏል፣ ስልክ ስደውልለት አሁንም ያን ቀን ያነሳልኛል። በዕድሜዬ የሠራሁት አንድ ሥራ ያ ነው ይለኛል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ይነግረው ይሆናል። ይንገረው። ከእኔ ቢሰማው ይሻል ነበር፤ ይህንንም ፈርቼ ወደ እናንተ ዞርኩ።

ወጣት ነበርኩ አልላችሁም። ወድጄው ነው አልላችሁም። ይቅርታም አልጠይቃችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። አያ ኪሮስ እምቢ ነው ያሉት። ሲጠየቁ እምቢ አሉ፣ ለማኅበሩም ያንኑ ተናገሩ፣ ለሚስታቸው እስኪሞቱ ያንኑ ተናገሩ። አልዋሹም። ተቀበልኩ ብለው አያውቁም። ያልኩት እኔ ነኝ።