ባለቢጫ ሪባን ውሾች

ቁጣ ቅርቤ ነው። ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼ ጠዋት ፊቴን አይተው ነው የቀኑን ሁኔታ የሚገምቱት። ይሁንና ስለ ውሻ ብዬ የምቆጣ ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስለ ውሻ የሚቆጣ ሰው በእኛ አገር ይሳቅበታል። የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ግን ሰው የሞተብኝ ያህል ተቆጥቻለሁ፤ ሰውም ሊሞት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በደህና ነው። የእንስሳትን ደህንነት የሚከታተል አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ወደ ሰቆጣ መጣና ውሻና ድመት በነጻ መከተብ ጀመረ። ከመጡት አንዷ፣ ወጣት የእንስሳት ሐኪም፣ ከእኔ ግቢ ጀርባ ቤት ተከራየች። ከሌላ አካባቢ የመጣች ስለሆነች የአገሩን ቋንቋ ኽምጥኛን አትሰማም። "እናቴ፣ ገጠር ስወጣ አብረውኝ ቢሄዱና ቢተረጉሙልኝ" ብላ ስትለምነኝ እሺ አልኳት። የወሰድኳት ወደ ተወለድኩበት መንደር ነው። ከወንዙ ማዶ ሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ እስከ ዛሬ እዚያ እያረሰ ይኖራል።

ሰው መጀመሪያ ሳቀብን። ለገዛ ልጁ መድኃኒት ፍለጋ ስንት ደጅ የጠና ሰው ለውሻው መርፌ ይዘንለት ስንመጣ ምን ያድርግ? ሐኪሟ ግን አልከፋትም። ውሻ ሲያብድ መጀመሪያ የሚነክሰው የቤቱን ሰውና የቤቱን ከብት ነው፣ ውሻውን ስንወጋ የምንጠብቀው ቤተሰቡን ነው ትላለች። እኔ ወደ ኽምጥኛ እመልሰዋለሁ፣ ከራሴም ትንሽ እጨምርበታለሁ። ከሰዓት በኋላ የውሻ ሰልፍ ሆነ። ገመድ ያጣ በመቀነቱ እየጎተተ መጣ። ወንድሜ ቡናማ ውሻውን እንደ ጠቦት ትከሻው ላይ ጭኖ መጣ፤ ውሻው አፍሮ ዓይኑን ጨፍኗል። የተከተበው ሁሉ እንዲታወቅ አንገቱ ላይ ቢጫ ሪባን ታሰረለት። ስንመለስ የመንደሩ ውሻ በሙሉ ሠርግ የተጠራ መስሎ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አገር ውሻ አንድ ነገር ልበል። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሲመሽ ይፈታል። ጅብ ከጋጣው በግ እንዳይወስድ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድራል፤ ግቢው አይበቃውም፣ እስከ መንገዱ ይወርዳል። ስለዚህ ከመሸ በኋላ ባለቤት ያለው ውሻና ባለቤት የሌለው ውሻ አይለይም። ይህን እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል፣ ቢሮ የተቀመጠውም ጭምር።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ባለቤት የሌላቸው ውሾች በዙ ብሎ የተመረዘ ሥጋ በየመንደሩ መንገድ አስበተነ። መቼ ቢሉ፣ ማታ። ውሻ ሁሉ በሚፈታበት ሰዓት! ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ውሾቹ ከነሪባናቸው በየአጥሩ ሥር ተዘርረው ነበር። የወንድሜ ውሻ ራሱን እየጎተተ እስከ ጋጣው ደጃፍ መጥቶ እዚያ ወድቋል።

ሄጄ አመለከትኩ። ኃላፊ የተባለው ሰውዬ ወንበሩ ላይ እየተወዛወዘ፣ "እኛ ያልነው ባለቤት የሌላቸውን ነው፣ መምህር" አለኝ።

"ሪባኑን ታዲያ ማን አሰረላቸው? ነፋስ ነው?"

"በማታ ቀለም አይታይማ።"

ቀለም የማይታያችሁ ከሆነ ለምን በቀን አላደረጋችሁትም ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ "ይቅርታ መምህር፣ ይቅርታ" እያለ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ።

ሥጋው ያደረሰው ጉዳት ግን በውሾቹ አላበቃም። መንደሩ ተሰብስቦ መከረና ነገሩን ለራሱ ፈታው። ሪባኑ የሞት ምልክት ነው ተባለ። በመጀመሪያ ምልክት የሚያስሩት መጡ፣ ቀጥሎ ምልክቱን አይተው የሚገድሉት መጡ። ይህን ስሰማ ልሙገት አልኩ፤ ግን በምን አፌ? ገበሬው አንዱን መሥሪያ ቤት ከሌላው የሚለይበት ምን ነገር አለው? ከከተማ በመኪና የመጣ ሁሉ ለእሱ አንድ ነው። አስተርጓሚዋ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ አንዳንዱ ሰላምታ እስከ መንፈግ ደረሰ።

በዓመቱ ሐኪሟ ለክትባት ስትመለስ አብሬያት ሄድኩ። መንደሩ ውስጥ አንድ ውሻ የለም፤ የሚጮህ እንኳ አይሰማም። ለካ ቡችሎቹን ባዶ ጎታ ውስጥ ከተዋቸዋል፣ ትልልቆቹን ገደሉ ሥር ካለው ዋሻ አፋቸውን በጨርቅ አስረው ደብቀዋቸዋል። ወንድሜ የሞተበትን ለመተካት ያሳደገውን ጥቁር ውሻ ጓዳ ዘግቶበት በሩ ላይ በርጩማ አስጠግቶ ተቀምጧል።

"ውሻ የለኝም" አለኝ። ለእኔ፣ ለገዛ እህቱ!

ከጀርባው በሩ ይቧጨራል። "ጋሼ፣ በሩን የሚቧጭረው ታዲያ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ዶሮ ናት።"

ሐኪሟ ሁሉንም አይታለች፣ ሰምታለች። የሰው በር በግድ አላስከፍትም ብላ መርፌዋን እንደያዘች ተመለሰች። እኔ በእሷም በራሴም ፋንታ ያን ኃላፊ ስረግም መንገዱ አለቀ።

በኋላ ያበደው ያ "ዶሮ" ነው።

በጎቹ ላይ ሰፍሮ ሲያገኘው ወንድሜ ሊያላቅቅ ገባ፤ ቀኝ እጁን ከአውራ ጣቱ በታች እስከ አጥንቱ ነከሰው። ውሻውንም በገዛ እጁ ገደለው። ይህን የነገሩኝ ለገበያ የወጡ ጎረቤቶቹ ናቸው፤ እሱ ሐኪም ቤት አልመጣም። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ቶሎ ካልተከተበ፣ በሽታው አንዴ ከተነሳበት መመለሻ የለውም። ልጅ ሳለሁ አንድ ጎረቤታችን ውሃ ሲቀርብለት እየጮኸ ሲሞት ሰምቻለሁ። ጠመኔዬን ጥዬ ወጣሁ።

እጁ በቅጠል ተጠቅልሎ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የመንደሩ መድኃኒት አዋቂ ሥር ቀጥቅጠው አጠጥተውታል። መድኃኒቱ ደግሞ ሕግ አለው፤ የጠጣ ሰው አርባ ቀን እስኪሞላው ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይፈርሳል፣ በሽታው ይነሳል ይባላል። የሰው ክትባት ያለው ደግሞ ሰቆጣ ነው፣ ከወንዙ ወዲያ።

"ተነስ፣ እንሂድ" አልኩት።

"አልሻገርም።"

"ትሞታለህ!"

"ብሻገር ነው የምሞተው።"

ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ብዬ እንጂ በሌላ ጠርቼው አላውቅም። ያን ቀን "አንተ ድንጋይ!" አልኩት። እሱን ሰድቤ አዋቂውን ሰደብኩ፣ ሥሩንም፣ ወንዙንም አልማርኩም። ሚስቱ "ተይ፣ ሰው ይሰማል" እያለች ነጠላዬን ትጎትታለች። ይስማ! እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሲደክመኝ ጠብቆ ቀና አለና፣ "ከከተማ የመጣ ነገር ምን እንዳደረገኝ አይተሻል" አለኝ። እውነቱን መናገሩ ይበልጥ አናደደኝ።

ሰቆጣ ስመለስ ሐኪሟ ላይ ጮህኩባት፤ ሌላ የምጮህበት ሰው አልነበረኝም። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣ "እሳቸው ካልተሻገሩ መርፌው ይሻገራላ" አለች። እኔ ስጮህ ውዬ ይህ አልታየኝም ነበር። ወዲያው ሆስፒታል ሄዳ አስረዳች፣ ለመነች፣ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራት ሳትሰለች ተመላለሰች። ድርጅቷ መኪናውን ፈቀደ፤ አንድ ነርስም ክትባቱን በረዶ ባለበት ሳጥን ይዞ ሊሄድ ተስማማ። መኪናው የሚደርሰው እስከ ወንዙ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ተሸክሞ ድንጋዮቹን እየረገጡ መሻገር ነው።

ወንድሜ ሲያየን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሟ ቆማ አላናገረችውም፤ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"አባባ፣ አዋቂው የሰጡዎትን አልነካብዎትም። ወንዝም አይሻገሩ። ይህችን ብቻ ይጨምሩበት።"

ተረጎምኩለት። በሕይወቴ እንዲያ ለስልሼ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከግድግዳው ዞር አለና ደህናውን ክንዱን ዘረጋ። ነርሱ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግሞ አጠበው፣ ከዚያ ወጋው። በየቀጠሮው ሳጥኑ ወንዙን ተሻገረ። ዝናብ ሳይታሰብ ጥሎ ወንዙ የሞላ ዕለት ነርሱ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ ሳጥኑን ራሱ ላይ አድርጎ ሲሻገር ከዳር ቆሜ እግዚኦ እል ነበር።

ወንድሜ ዳነ። ዛሬም አለ፤ ያርሳል፣ ይነጫነጫል። ደስ ብሎኝ ቁጣዬን መተው ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

የመጨረሻው መርፌ ዕለት ነርሱ ዕቃውን ሲሰበስብ ወንድሜ እኔን አልፎ ሐኪሟን በሚችላት ጥቂት አማርኛ አናገራት።

"ልጄ፣ ያን ጊዜ በሩን ከፍቼልሽ ቢሆን ውሻው አያብድም ነበር?"

እንድትዋሽለት በዓይኔ ለመንኳት።

"አያብድም ነበር፣ አባባ" አለች።

እጅጌውን ቀስ ብሎ ወደ ታች መለሰ። ልቆጣት ቃጣኝ። እሷ ምን አጠፋች? እሱስ ምን አጠፋ? በሩን የዘጋው ውሻው እንዳይሞትበት ነው።

አሁን ሐኪሟ ስትሄድ ከመንደሩ ጥቂት ሰው ውሻውን ያወጣላታል፣ ሌላው ገና ዓይኗን ማየት ይፈራል። ለወንድሜ ቡችላ ይዘንለት ብንሄድ አሻፈረኝ አለ። "ወይ እነሱ ይገድሉታል፣ ወይ እኔ" አለን። ያ ኃላፊ ግን ውሻ አለው። በግንብ አጥር ውስጥ የሚያድር የደላው ውሻ ነው፤ የከተበችለትም ይህችው ሐኪም ናት። ወንድሜ ፀጉሩ ሸብቶ፣ አውራ ጣቱ አልታጠፍ ብሎት፣ ጋጣው ደጃፍ ላይ አጎዛ አንጥፎ ከበጎቹ ጋር ያድራል። ጅቡ ሲመጣ ተነስቶ የሚጮኸው እሱ ራሱ ነው።