መድኃኒት የተገኘበት እንጆሪ

የምሠራው ኡራኤል አካባቢ ባለ የምግብ ላብራቶሪ ነው። ፍራፍሬ ፈጭቼ አጣራለሁ፤ ገበሬው ለተባይ የረጨው ኬሚካል ምን ያህል እንደቀረበት ማሽኑ ይነግረኛል። እርስ በርሳችን ግን ኬሚካል አንለውም፤ «መድኃኒት» ነው የምንለው። ገበሬውም እንደዚያው ነው የሚለው። አፌ ለምዶት ቃሉን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ካዛንቺስ አንዲት ጠባብ አትክልት ቤት ያላቸው እናት አሉ፤ እማማ እላቸዋለሁ። ሰፈሩ ፈርሶ መኖሪያቸው ሩቅ ቢሆንም ሱቃቸው እዚያው ስለቀረ እንጆሪ የምገዛው ከእሳቸው ነበር። አብራቸው የምትኖር ልጃቸው ነፍሰ ጡር ነበረች። የቀመሰችውን ሁሉ ያስመልሳታል፣ እንጆሪ ብቻ ይረጋላታል። የአምሮት ነገር ደግሞ ቀልድ የለውም፤ እርጉዝ ያማራትን መከልከል በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ቀይ ቀዩን እየመረጡ ማታ ማታ ይወስዱላታል። ሥራዬን ሲሰሙ «በይ የኔንም እዪልኝ» ብለው አንድ ሳህን ሰጡኝ።

ስመረምረው ኬሚካሉ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ለውጥ የለውም። በማግስቱ ጠዋት ከታክሲ ወርጄ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ሰው ስለነበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እማማ፣ መድኃኒት ተገኝቶበታል፣ በጣም ብዙ» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። ተመስገን ብለው ወደ ገዢዎቹ ዞሩና እንጆሪያቸው ላብራቶሪ ታይቶ መድኃኒት እንደተገኘበት ነገሯቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዲት ሴትዮ ወዲያው ሁለት ሳህን አስጨመረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን ይህን ስም ያወጣለትን ሰው በልቤ ረገምኩት። ክንዳቸውን ይዤ ገለል አደረግኳቸው።

«የተባይ መድኃኒት ነው፣ እማማ። ማለቴ... መርዝ ነው።»

ክንዳቸውን ከእጄ አስለቀቁ። ከዚያ ሄደው የሴትዮዋን ፌስታል ከእጇ ተቀበሉና ብሯን መለሱላት። ወደ እኔ ሲመለሱ ስለ ሱቁ አንድም ነገር አላነሱም። በልጃቸው ሆድ ውስጥ ያለውን ይጎዳው እንደሆነ ጠየቁኝ። ማሽኑ ስለ እንጆሪው እንጂ ስለ ሕፃኑ የነገረኝ ነገር እንደሌለ ገለጽኩላቸው፤ ሐኪም እንዲያያት፣ እስከዚያው ግን እንዳይሰጧት ለመንኳቸው። አዎ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ዛሬ ምን ላብላት?» አሉኝ።